የሆስፒታል ድንገተኛ ሰመመን አገልግሎት አደረጃጀት፡ ሁለተኛው ኬዝ ሲመጣ ማን ይመጣል? (ዝርዝር መመሪያ)

ብዙ ሆስፒታል ላይ ሰመመን ሰጪዎቹ ጎበዝ ናቸው፣ ማሽኑም አለ፣ መድሃኒቱም አለ፣ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ታካሚ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ከማዋለጃ ክፍል ሌላ ስልክ ሲደወል ማን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የለም። ችግሩ የእውቀት አይደለም፣ ቀን ላይ መወሰን የነበረበት ነገር ለሌሊት ስለተተወ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ስታደራጁ መለኪያችሁ መደበኛው ቀን ሳይሆን ያ ሁለተኛው ኬዝ ይሁን።

መመሪያው ለክፍል ኃላፊ፣ የተረኛ ፕሮግራም ለሚያወጣ ሰው እና ለሆስፒታል አስተዳደር ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ስሩት፣ ደረጃ 1ን ዘላችሁ ደረጃ 2ን ብትጀምሩ አስተዳደር ፊት የምታቀርቡት ቁጥር አይኖራችሁም።

ደረጃ 1፡ መጀመሪያ የራሳችሁን ሌሊት እወቁ

የኦፕሬሽን ክፍሉን መዝገብ አውጡና ቢያንስ የ3 ወር ድንገተኛ ኬዝ በሙሉ አንድ ሰንጠረዥ ላይ አስፍሩ። ለእያንዳንዱ ኬዝ እነዚህን ጻፉ፦

- ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተብሎ የተወሰነበት ሰዓት
- ሰመመን ሰጪ የተጠራበት እና የደረሰበት ሰዓት
- ሰመመን የተጀመረበት ሰዓት
- ማን ሰጠ፣ ረዳት ነበረው ወይ
- በዛ ሰዓት ሌላ ኬዝ እየተሰራ ነበር ወይ

የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ሁለት ኬዝ ስንት ጊዜ እንደተደራረበ ካወቃችሁ አንድ ተረኛ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር ያልቃል።

*መዝገቡ ሰዓት ከሌለው፦* ብዙ ቦታ የለውም። እንግዲያው ከዛሬ ጀምራችሁ ለ4 ሳምንት መዝግቡ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት እና የታሰረ እስክሪብቶ ይበቃል፣ ኮምፒውተር እስኪመጣ አትጠብቁ።

ደረጃ 2፡ የሰው ቁጥር አስሉ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። "24 ሰዓት ለመሸፈን 3 ሰው በ8 ሰዓት ይበቃል" ይባላል፣ አይበቃም፣ እንደዚህ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፦

1. አንድ የተረኛ ቦታ ሁሌ ሰው እንዲኖርበት በሳምንት 168 ሰዓት ይፈልጋል፣ በዓመት 52 ሳምንት ሲሆን 8,736 ሰዓት።
2. አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ይሰራል እንበል። ከ52 ሳምንት ላይ የዓመት ፈቃድ፣ ህመም፣ በዓል እና ስልጠና ሲቀነስ 42 ሳምንት ገደማ ቢቀረው 1,680 ሰዓት ነው።
3. 8,736 ሲካፈል ለ1,680፣ 5.2 ሰው።
4. ለርክክብ በቀን ሁለቴ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ስትጨምሩ 5.4 ይሆናል።

ስለዚህ ለአንድ ቦታ ብቻ 6 ሰው ያዙ። 42 ሳምንት እና 40 ሰዓት የሚሉትን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ፣ አሰራሩ ግን ያው ነው። ሁለት ተረኛ በአንዴ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ 11 ሰው። ይሄ ድንገተኛውን ብቻ የሚሸፍን ነው፣ የቀጠሮ ኦፕሬሽን የሚሰሩት ለብቻ ይቆጠራሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ደምራችሁ ካስገባችሁ ቀን ቀን ሁሉም ቀጠሮ ላይ ይሆንና ለድንገተኛው ማንም አይተርፍም።

ረዳት ያልተቆጠረበት ስሌት ስሌት አይደለም። ሰመመን የሚሰጠው ሰው አጠገብ የሰለጠነ ሁለተኛ እጅ መኖር አለበት፣ ቡጂ (ቱቦውን ወደ አየር ቧንቧ የሚመራ ቀጭን ዘንግ) የሚያቀብል፣ ሳክሽን (የፈሳሽ መምጠጫ) የሚይዝ፣ መድሃኒት የሚቀዳ። መንገድ ላይ የተገኘ ተላላኪ ወይም ጓንት ለብሳ የቆመችው የሰርጅኑ ነርስ ይሄን አትተካም። ለረዳቱም ያንኑ ስሌት በድጋሚ ስሩ።

*ሰው ካልሞላ፦* ባዶውን ቦታ በ24 ሰዓት ተረኛ አትድፈኑት። ሰው 17 ሰዓት ሳይተኛ ሲቆይ ስራው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ስራ ጋር ይቀራረባል፣ ይሄ በጥናት ከታየ ቆይቷል። ይልቅ ሶስት ነገር አድርጉ፦ የቀጠሮ ኦፕሬሽን ቁጥር ቀንሱና ሰዉን ወደ ድንገተኛ አዛውሩ፣ ሁለተኛውን ተረኛ ከቤት የሚጠራ አድርጉት (በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ የሚችል ብቻ፣ መጓጓዣውም በሆስፒታሉ ይሁን)፣ ክፍተቱን ደግሞ በቁጥር ጽፋችሁ ለአስተዳደር በፊርማ አስገቡ። "ሰው ያንሰናል" የሚል ደብዳቤ ይታጠፋል፣ "በሳምንት ይሄን ያህል ሰዓት ሁለተኛ ሰመመን ሰጪ የለም፣ ባለፉት 3 ወራት ይሄን ያህል ጊዜ ኬዝ ተደራርቧል" የሚል ግን መልስ ይጠይቃል።

ደረጃ 3፡ የተረኛ ፕሮግራም

- ፕሮግራሙን ከ6 ሳምንት በፊት አውጡ።
- አንድ ፈረቃ ከርክክብ ጋር ከ13 ሰዓት አይለፍ።
- ሌሊት ያደረ ሰው ጠዋት ቀጠሮ ኬዝ ላይ አይመደብም። "አንድ አጭር ኬዝ ብቻ" የሚባል ነገርም የለም።
- እያንዳንዱ ቀን ላይ ሶስት ስም ይኑር፦ የመጀመሪያ ተረኛ፣ ሁለተኛ ተረኛ፣ ሲኒየር። "ሲኒየሩን ጥሩ" ብቻ ተብሎ ስም ካልተጻፈ ሲኒየር የለም ማለት ነው።
- ሌሊት ላይ ስራ ከሌለ 20 ደቂቃ እንዲተኛ ፍቀዱ፣ አልጋ ያለበት ክፍልም ስጡ። ሲነቃ ወዲያው ወደ ስራ እንዳይገባ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል።

ተረኛ መቀያየር የሚቻለው ሁለቱም ሲፈርሙ እና ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ሲያውቅ ብቻ ይሁን። በአፍ የተቀያየሩት ተረኛ ሌሊት ላይ የተሳሳተ ሰው ጋ ነው የሚያስደውለው።

*ማታ ላይ ተረኛው "አሞኛል" ብሎ ከደወለ፦* ቀን የነበረው ሰው ተተኪ እስኪመጣ አይወጣም፣ ሁለተኛው ተረኛ አንደኛ ይሆናል፣ ሲኒየሩ ሁለተኛ ይሆናል። ይሄን ዛሬ ጽፋችሁ ለጥፉት፣ የዛን ቀን አትደራደሩ።

ደረጃ 4፡ አጠራር እና ቅደም ተከተል

አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ይኑር። ከሰው የግል ስልክ ጋር ያልተያያዘ፣ ተረኛው ለተረኛው የሚያስረክበው ስልክ። ቻርጀሩም አብሮ ይረከባል።

ደዋዩ በዚህ ቅደም ተከተል ይናገር፣ ይሄንኑ ከማዋለጃ፣ ከድንገተኛ እና ከዋርድ ስልኮች አጠገብ ለጥፉ፦

1. የት ነው የምደውለው፣ እኔ ማነኝ
2. ታካሚው ምን ሆነ፣ ምን ኦፕሬሽን ያስፈልገዋል
3. ምን ያህል አስቸኳይ ነው
4. የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ኦክስጅን፣ ንቃት
5. ደም ተጠይቋል ወይ

አስቸኳይነትን "በጣም አስቸኳይ ነው" እያላችሁ አትለኩ፣ ሁሉም ሰርጅን የራሱን ኬዝ እንደዛ ነው የሚለው። አራት ደረጃ ተጠቀሙ፦ በደቂቃዎች ውስጥ (ህይወት ወይም አካል ሊጠፋ ነው)፣ በሰዓታት ውስጥ፣ በቀናት ውስጥ፣ በቀጠሮ። እናት ወይም ጽንስ ወዲያው የሚሰጋ አደጋ ላይ ሲሆኑ በኦፕሬሽን ለማዋለድ ከተወሰነበት ሰዓት እስከ ልጁ መውጣት 30 ደቂቃ የሚል መለኪያ በሰፊው ይሰራበታል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከውሳኔው እንጂ እናትየው ኦፕሬሽን ክፍል ከደረሰች በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ኬዝ ሲመጣ

ይሄን ክፍል እባካችሁ ሰራተኛው ሁሉ ባለበት አንብቡት።

ሰመመን ላይ ያለ ታካሚን ጥሎ መሄድ የለም። በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት እና የዓለም ሰመመን ሰጪዎች ማህበራት ፌዴሬሽን መመዘኛም ሰመመን ሰጪው ኬዙ እስኪያልቅ ሳይለይ እንዲገኝ ነው የሚጠይቀው። በሁለት ክፍል መሃል እየተሯሯጡ ሁለት ሰው ማስተኛት እንደ ጉብዝና የሚታይበት ቦታ አለ፣ ይሄ መቆም አለበት። ስለዚህ፦

1. ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰመመን ሰጪ ስልኩን ረዳቱ እንዲያነሳ ያድርግ፣ በድምጽ ማጉያ ይስማ።
2. አስቸኳይነቱ "በደቂቃዎች" ከሆነ ረዳቱ ወዲያው ሁለተኛውን ተረኛ ይደውል። ከሰርጅን ጋር መመካከር ከመደወል በኋላ ነው።
3. በ5 ደቂቃ ውስጥ ካላነሳ ሲኒየሩ ይደወልለታል። ሶስተኛ ጊዜ እስኪሞከር አይጠበቅም።
4. እስኪደርስ ድረስ የጠራው ክፍል ስራ አለው፦ ኦክስጅን በማስክ፣ ሁለት ወፍራም ካኑላ፣ ደም ናሙና፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ግራ ዘንበል ማድረግ፣ አተነፋፈሷ ከደከመ በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) ማገዝ።
5. የመጀመሪያው ኬዝ ሰርጅን ሁለተኛ ኬዝ እንዳለ ይነገረው። አንዳንድ ኦፕሬሽን ደሙን አቁሞ ማሳጠር ይቻላል፣ ካልተነገረው ግን አያሳጥርም።

ሁለት ኬዝ እኩል አስቸኳይ ሆኖ ሰመመን ሰጪ አንድ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ገና ካልተጀመሩ፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን ሁለቱ ሰርጅኖች ተጨቃጭቀው አይወስኑም፣ የሚወስነው ሰው ስሙ ቀድሞ ይታወቅ። ሌላ ሆስፒታል መላክ ካለም በምን አምቡላንስ፣ ከማን ጋር የሚለው አሁኑኑ ይጻፍ።

ደረጃ 5፡ ክፍሉ ሁሌ ዝግጁ ይሁን

አንድ ጠረጴዛ ለድንገተኛ ብቻ ተውት፣ የቀጠሮ ኬዝ ሲበዛ የሚሞላበት መጋዘን አታድርጉት። በየፈረቃው መጀመሪያ ተረኛው እራሱ (የወጣው ሰው ሳይሆን) እነዚህን ፈትሾ ይፈርም፦

- አምቡባግ። ማሽኑ ከመፈተሹ በፊት። ሁሉም ነገር ቢጠፋ በእሱ ነው የምታተነፍሱት።
- ኦክስጅን። የግድግዳውም የሲሊንደሩም። ኢ የሚባለው ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን 680 ሊትር ገደማ ይይዛል፣ በደቂቃ 10 ሊትር ብትለቁት 68 ደቂቃ ነው። ጌጁ ግማሽ ላይ ከሆነ 34 ደቂቃ ብቻ ቀራችሁ ማለት ነው፣ እንዲህ አስሉና ቁጥሩን ጻፉት፣ "አለ" ብላችሁ አትለፉ።
- ሳክሽን። አብርታችሁ በጣታችሁ ዝጉት፣ ሲስብ ታዩታላችሁ። ትራስ ስር ይቀመጥ።
- ማሽን፣ ቬፖራይዘር (የማስተኛ ፈሳሹን ወደ ትነት የሚቀይረው)፣ አየር የማያፈስ ሰርኪዩት (የመተንፈሻ ቱቦዎቹ)።
- ሞኒተር። ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የደም ግፊት፣ ኢሲጂ፣ ካፕኖግራፍ (ታካሚው የሚያስወጣውን ካርቦንዳይኦክሳይድ የሚለካ)።
- ላሪንጎስኮፕ (ቱቦ ሲገባ ጉሮሮ የሚታይበት መሳሪያ) ሁለት እጀታ፣ መብራታቸው የታየ፣ እና ባትሪ ያለው የግንባር መብራት።

ስለ ካፕኖግራፍ አንድ ነገር ልበል። ቱቦው ገብቶ ካርቦንዳይኦክሳይዱ ስክሪኑ ላይ ተከታታይ ሞገድ ካላሳየ፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ቱቦው የተሳሳተ ቦታ ነው ብላችሁ ተነሱ። "ደረት ላይ ሰምቼዋለሁ"፣ "ሲገባ አይቼዋለሁ" የሚለው ብዙ ሰው ገድሏል። ካፕኖግራፍ ከሌላችሁ ከሌላው ግዢ በፊት እሱን ጠይቁ።

የአየር ቧንቧ ጋሪ። መሳቢያዎቹን በምትጠቀሙበት ቅደም ተከተል ደርድሩ እንጂ በእቃ አይነት አይደለም፦

1. ቱቦ፣ ላሪንጎስኮፕ፣ ቡጂ
2. ኤልኤምኤ (ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ አየር የሚያሳልፍ ማስክ) በሶስት ቁጥር
3. ማስክ፣ የአፍና የአፍንጫ ኤርዌይ
4. በአንገት ፊት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት፦ 10 ቁጥር ምላጭ፣ ቡጂ፣ ካፍ (የሚነፋ ፊኛ) ያለው 6.0 ቱቦ። በአንድ ከረጢት የታሸገ፣ ሌላ ምንም አይግባበት።

መድሃኒት። መርፌው ሲቀዳ ስሙና መጠኑ ወዲያው ይለጠፍበት፣ ያልተለጠፈበት መርፌ ይጣላል። መልካቸው የሚመሳሰል ቫያሎችን አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ። ሳክሳሜቶኒየም (ቱቦ ለማስገባት ጡንቻ የሚያላላ መድሃኒት) ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ፍሪጁ ተቆልፎ ቁልፉ ቀን ሰራተኛ ኪስ ውስጥ እንዳይሄድ። ዳንትሮሊን (ሰመመን ለሚያስነሳው አደገኛ የሰውነት ሙቀት መጨመር የሚሰጥ) ካላችሁ ደግሞ ሂሳቡን እወቁ፦ በኪሎ 2.5 ሚሊግራም ሲሆን 70 ኪሎ ሰው ለመጀመሪያው ዶዝ 175 ሚሊግራም ይፈልጋል፣ የተለመደው ቫያል 20 ሚሊግራም ስለሆነ 9 ቫያል፣ እያንዳንዱ በ60 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚበጠበጥ። ይሄን ሌላ ስራ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ካልሰሩት ጊዜው አይበቃም። ላይፒድ 20 በመቶም (የማደንዘዣ መድሃኒት መመረዝን ለማከም የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ) በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለዛው ሰው 105 ሚሊ ነው፣ ስፓይናል (በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ) እና ብሎክ (ነርቭ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣ) የሚሰራበት ክፍል ውስጥ ይኑር እንጂ ፋርማሲ አይደለም።

*የጎደለ ነገር ካገኛችሁ፦* ከሌላ ክፍል ተውሳችሁ ሞልታችሁ ዝም አትበሉ። ተውሱ፣ ጻፉ፣ ለባዮሜዲካል ወይም ለስቶር በዛው ሰዓት አሳውቁ። አለበለዚያ ነገ ሌላኛው ክፍል ነው የሚጎድልበት።

ደረጃ 6፡ ከማስተኛት በፊት ያሉት ደቂቃዎች

ድንገተኛ ታካሚ ሁሉ ሆዱ ሙሉ ነው ብላችሁ ጀምሩ። አለርጂ፣ የሚወስደው መድሃኒት፣ ያለፈ ሰመመን፣ አፍና አንገት ማየት፣ ይሄ 2 ደቂቃ አይፈጅም። ኦክስጅን በደንብ በገጠመ ማስክ 3 ደቂቃ፣ ጊዜ ከሌለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 8 ጥልቅ ትንፋሽ። በደም መፍሰስ ለደከመ ሰው የማስተኛ መድሃኒቱን ቀንሱ፣ ግፊት ማንሻውም ተቀድቶ እጃችሁ ላይ ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ቼክሊስት 19 ነጥብ ነው፣ በሶስት ቦታ ቆም ተብሎ የሚነበብ። "አስቸኳይ ስለሆነ ዘለልነው" ይባላል፣ ግን የሚዘነጋው ነገር የሚበዛው ሲቸኮል ነው። አሳጥራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ከዛ መድሃኒቱ ከመገፋቱ በፊት ሰመመን ሰጪው ይሄን ሁሉም እየሰሙ ይበል፦ "ቱቦው ካልገባ ኤልኤምኤ እሞክራለሁ፣ እሱም ካልሆነ በማስክ፣ ኦክስጅኑ ከወረደና ምንም ካልሰራ አንገት ላይ እገባለሁ። እርዳታ የምትጠሪው አንቺ ነሽ።" ስም ተጠርቶ ይነገር።

*ቱቦው ካልገባ፦* መጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ እርዳታ ይጠራ እንጂ አራተኛው ላይ አይደለም። የእንግሊዙ የአስቸጋሪ አየር ቧንቧ ማህበር በ2015 ያወጣው መመሪያ ቢበዛ 3 ሙከራ፣ ከዛ የበለጠ ልምድ ባለው ሰው 1 ተጨማሪ ነው የሚፈቅደው። በየመሃሉ ኦክስጅን መስጠት አይረሳ። ረዳቱ ሙከራውን ጮክ ብሎ የመቁጠር እና "ሶስት ሆኗል፣ ቀጣዩ ኤልኤምኤ ነው" የማለት ስልጣን ይኑረው፣ ምክንያቱም ቱቦ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሰዓት አይታየውም፣ ጎበዝ ቢሆንም አይታየውም።

ደረጃ 7፡ ስልጠና

ተማሪ ወይም አዲስ ሰራተኛ "3 ወር ሞላው" ተብሎ ብቻውን ሌሊት አይመደብ። አራት ደረጃ አውጡለት፦ ሲኒየሩ ክፍሉ ውስጥ፣ ሲኒየሩ ግቢ ውስጥ፣ ሲኒየሩ ቤት፣ ብቻውን። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው በሎግቡኩ (የሰራቸው ኬዞች መዝገብ) እና አይቶት በፈረመ ሰው ነው። ብቻውን ከመሆኑ በፊት በትንሹ የተፈረመበት መሆን ያለበት፦ ሆዱ ሙሉ የሆነ ሰው ማስተኛት፣ ለማዋለድ ስፓይናል እና ከፍ ያለ ስፓይናልን ማከም፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ታካሚ፣ ህጻን፣ እና አንገት ላይ በምላጭ መግባት (በሞዴል ላይ)።

የ15 ደቂቃ ልምምድ። በሳምንት አንዴ፣ በራሱ ኦፕሬሽን ክፍል፣ በራሱ ጋሪ፣ በዛ ቀን ተረኛ በሆኑት። ውድ አሻንጉሊት አያስፈልግም፣ ትራስ እና ሞኒተሩ ላይ የምታነቡት ቁጥር ይበቃል። ርዕሶቹን እያዟዟራችሁ፦

- ቱቦ አልገባም፣ ኦክስጅን እየወረደ ነው
- ከወሊድ በኋላ ከባድ ደም መፍሰስ (ደም ባንክ ደርሶ የሚመለስ ሰው በእውነት ላኩ፣ ሰዓቱን ያዙ)
- አለርጂ፦ ለአዋቂ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ጡንቻ ላይ፣ አምፑሉ የት ነው?
- የልብ መቆም
- የግድግዳ ኦክስጅን ጠፋ
- ሁለተኛው ኬዝ ተደወለ

ሰርጅኑ እና አዋላጇ ከሌሉበት ልምምዱ ግማሽ ነው፣ ጥሯቸው። ሲያልቅ 5 ደቂቃ ቁጭ በሉና ሶስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ምን ጠፋ፣ ማን ምን አልሰማም፣ ነገ ምን እንቀይር። ያቺ "ነገ" የተባለችው ነገር ሰው እና ቀን ተሰጥቷት ትጻፍ።

*ሰው ልምምዱን ከሸሸ፦* አብዛኛውን ጊዜ ሰው ፊት እንዳይሳሳት ስለሚፈራ ነው። ሲኒየሩ መጀመሪያ እሱ ይለማመድ፣ ሰው እያየው ይሳሳት፣ ውጤት አይሰጥበት።

ደረጃ 8፡ ርክክብ

ርክክብ ስልክ ላይ አይደረግም፣ ፊት ለፊት ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለው ታካሚ፣ ቀጥሎ የሚገባው፣ ሪከቨሪ (ከኦፕሬሽን በኋላ የሚነቁበት ክፍል) ውስጥ ያሉት፣ ዋርድ ላይ የሚያሰጉት፣ የተበላሸ እቃ፣ የሁለተኛው ተረኛ ስም። ሲተኛ ወይም ሲነቃ መሃል ላይ፣ ወይም ደም እየፈሰሰ ሳለ ሰው አይቀያየር፣ የሚወጣው ሰው ታካሚው እስኪረጋ ይቆይ፣ የቆየበትም ሰዓት ተመዝግቦ ይካካስለት።

ደረጃ 9፡ በየሳምንቱ የምታዩት

አራት ቁጥር ይበቃል፦ ከውሳኔ እስከ ሰመመን ያለው ጊዜ፣ ኬዝ የተደራረበበት ብዛት፣ ሁለተኛ ተረኛ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ፣ ያልተፈረመበት የማሽን ፍተሻ። በወር አንዴ ደግሞ ቀን ሳትናገሩ ሌሊት ላይ ወደ ሁለተኛው ተረኛ ደውሉና መነሳቱን እዩ፣ ሰራተኛው እንዲህ ያለ ፍተሻ እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ፣ ቀኑን ብቻ አይወቅ።

የስህተት ሪፖርት ፎርም ሰው ስም ሳይጽፍ የሚሞላው ይሁን። የመጀመሪያው ሪፖርት ያደረገ ሰው ከተቀጣ ሁለተኛ ሪፖርት አታገኙም፣ ስህተቱ ግን ይቀጥላል። ሪፖርት መጥቶ እቃ ከተገዛ ወይም ፕሮግራም ከተቀየረ ምን እንደተቀየረ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

ታካሚ ከሞተ ወይም ከባድ ጉዳት ከደረሰ የነበረው ቡድን በዛው ፈረቃ ይቀጥል እንደሆነ ሲኒየሩ መጥቶ ይወስን። የመጀመሪያ ተረኛው መቀጠል ካልቻለ ሁለተኛው ይረከባል፣ ሌላ ሰውም ከቤት ይጠራና ሁለተኛ ይሆናል። መዝገቡ፣ መርፌዎቹ እና ማሽኑ እስኪታዩ ድረስ ሳይነኩ ይቀመጡ፣ ስለዚህ ተለዋጭ ማሽን የትኛው ክፍል እንዳለ ከአጠራሩ ወረቀት ጎን ጻፉት።